ጉልበት ወደ ፊት ሲመጣ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የልጅ ልጄ ሰላማዊት ኮምፒውተሯን ከፊቴ አስቀምጣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አሳየችኝ። በዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የካንሰር ሕዋስ ነው። በመካከሉ ክር የሚመስሉ ነገሮች ይርመሰመሳሉ።

«አባባ፣ እነዚህ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ ከመካከል ተነሥተው ወደ ዳር ሲሄዱ ይመልከቱ!»

እውነትም ሄዱ። እነሱ በተሰበሰቡበት በኩል ሕዋሱ እንደ እግር ያለ ነገር ዘረጋና ፈቀቅ አለ።

«ዕባጭ ከቦታው ካልተነሣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል» አለች። «የሚከፋው ሲሰደድ ነው። ለመሰደድ ደግሞ ብዙዎቹ ሕዋሳት ጉልበታቸውን ወደ ፊት ያመጣሉ። የእኛ ጥያቄ፣ ያን ጉልበት መካከል ላይ ብናስቀረውስ? የሚል ነው።»

«የጉልበቱን ነገር እንኳ አውቀዋለሁ» አልኋት።

ሳቀች። «ከየት አባባ? ከቅኔ ቤት?»

«ከሐረሩ የፈላና በር ዳገት።»

ያን ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ዲያቆን ነበርሁ። እናቴ ጡቷ ላይ የወጣውን ዕባጭ ለሰው ሳትናገር ከርማ፣ በመጨረሻ ትኩሳትና የደም መፍሰስ አልጋ ላይ ጣላት። ለጥቂት ቀን ወደ ሐረር የመጣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እቤት ድረስ መጥቶ አያትና ለብቻዬ ጠራኝ። «ነገ ቀትር ሳይሞላ አምጣት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድሬዳዋ እወርዳለሁ። ዕባጩ ገና ከቦታው የተነሣ አይመስለኝም። ከተነሣ ግን የእኔ ቢላ አይደርስበትም» አለኝ።

በማግሥቱ ታክሲ ፈላና በር ላይ እንዲጠብቀን አደረግሁ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የእኛ ሰፈር መተላለፊያ መኪና ቀርቶ ጭነት የያዘ አህያም በጭንቅ ነው የሚያልፍበት፤ ስለዚህ እናቴን በቃሬዛ አወጣናት። በአጥቢያችን ልማድ ታማሚን ከፊት፣ በራስጌ በኩል የሚሸከመው የነፍስ አባት ነው። የነፍስ አባቷ መምሬ ደስታ ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ጋር ፊቱን ያዙ። ከኋላ እኔና አብዱላሂ ገባን። አብዱላሂ ጫቱን ገበያ ሲያወጣ አህያውን እኛ ደጅ የሚያስር፣ እናቴ እንደ ልጇ የምታየው፣ ከከተማው ውጭ ካለችው ከሶፊ የሚመጣ ገበሬ ነበር።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ አባርቷል፤ ድንጋዩ ግን ገና ያዳልጣል። በግንቡ ጥግ ከተደረደሩት ቅርጫቶች የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። መምሬ ጥቂት ይራመዱና «እንረፍ» ይላሉ፤ እናርፋለን። መሪጌታው ድንጋዩን በእግራቸው ዳስሰው እስኪረግጡ እንቆማለን። እኔና አብዱላሂ በጉልበት ላይ ጉልበት ነበረን፤ ግን ከኋላ ታግደን ለምን ይረባል? የግንቡ ጥላ እያጠረ ሄደ።

«ወላሂ ዲያቆን» አለኝ አብዱላሂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ አካሄዳችን ሐኪሙ ድሬዳዋ ደርሶ ይመለሳል።»

«የነፍስ አባቷ ናቸው። ምን ብዬ ዞር ይበሉ ልበላቸው?»

ይህን ጊዜ እናቴ ከቃሬዛው ላይ ተጣራች። «መምሬ!»

«አይዞሽ ልጄ፣ አለሁ።»

«እኔም እኮ ገና አለሁ። ምነው እንደ አስከሬን አዘገሙኝ? እርስዎ ከኋላ ሆነው ይጸልዩልኝ፤ ጎረምሶቹ ከፊት ይሳቡኝ።»

መምሬ ድንገት በሳቅ ፈነዱ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ! ተኝተሽም ታዝዢናለሽ?»

ቃሬዛውን አሳረፍን። ሁለቱ አረጋውያን ነጠላቸውን ሰብስበው ግንቡን ተጠጉልን፤ እኔና አብዱላሂ በጎናቸው ሾልከን ፊቱን ያዝን። ከኋላችን ከአህዮቻቸው ጋር ታግደው የቆሙ የድሬ ጠያራ ገጠር ሰዎች ደግሞ ግርጌውን ተቀበሉን። «ቢስሚላህ!» አለ አብዱላሂ፤ እኔም በስመ ሥላሴ አማተብሁ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ዳገት አልሆነብንም። መምሬ ከሩቅ «ቀስ በሉ እናንተ፤ ጸሎቱ እንኳ አልደረሰባችሁም!» እያሉ ይጮሁብን ነበር።

በታክሲው ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ሐኪሙ ሻንጣውን መኪና ላይ ሊጭን አንሥቶታል። እኛን ሲያይ መልሶ መሬት አስቀመጠው። ማምሻውን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲወጣ ያለኝ ቃል ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ሳይሰደድ ደረሳችሁበት።» እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ የሰላማዊትን እናት ክርስትና ለማየት በቅታለች።

ታሪኩን ስጨርስ ሰላማዊት ሥዕሉን አቁማ ታስብ ነበር።

«እንግዲህ ያን ቀን ተጓዡ ሁለት ነበር፤ ዕባጩና እናንተ» አለች።

«እኛ ቀደምነው።»

በአንድምታ ትርጓሜ ያደግሁ ነኝና አንድ ነገር በአንድ ወገን ብቻ አይታየኝም። ጉልበት የፈጣሪ ስጦታ ነው። ወደ ፊት ሲመጣ አንድም ታማሚን ያድናል፣ አንድም ደዌን ያሰድዳል። ማንን እንደሚያራምድ ለይቶ የሚያውቅ፣ ሲያስፈልግም የሚያግድ ብልህ ሰው ይሻል። እንዲህ ያለው ሰው እኔ ቤት እንደ በቀለ አምናለሁ።

ሰላማዊት ኮምፒውተሯን ዘግታ ቦርሳዋን አነገተች። «በሉ አባባ፣ እርስዎም ከኋላ ሆነው ይጸልዩልኝ» አለችኝ እየሳቀች።

የቤቴ በር ጠባብ ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ግድግዳውን ተጠጋሁና አሳለፍኋት።