የእትዬ ሐሙስ

ታላቅ እህቴ ሮማ ውስጥ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሲያርፉ የቪላ ቦርጌዜ ሙዚየም ይዘውኝ ይሄዳሉ። ክርስቶስን ወደ መቃብር ሲወስዱት በሚያሳየው ሥዕል ፊት ነጠላቸውን አጣፍተው እያለቀሱ ይሰግዳሉ። ዘበኛው «ሲኞራ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!» ሲላቸው አፍር ነበር።

«የቤተ ክርስቲያን ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «የዚህ ቪላ ጌታ የነበረው ካርዲናል ከሌላ ከተማ አስወስዶት ነው። ሰዎቹ ቢጮኹ ቅጂ ተላከላቸው።»

«እትዬ፣ ቅጂውም ያው አይደል?»

«ዝም በል አንተ! ቅጂ ፊት ይለቀሳል?»

«ደርግ ሲወድቅ እናቴን አያለሁ» ይሉ ነበር። ደርግ ሳይወድቅ እትዬን እዚሁ ሮማ ቀበርናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ብቻዬን ሄድኩ። ዘበኛው «ሲኞራስ?» አለኝ።

አገር ቤት እናታችን ልቅሶ የተቀመጡት እኔ በላክሁላቸው የእትዬ ፎቶግራፍ ፊት ነው። እትዬ፣ ቅጂ ፊትም ይለቀሳል።