በጆሮ የተመረጠው ሲስተም

የኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። በዚያ ጠዋት አንዲት ሴትዮ በወፍራም ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ደረጃውን ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ብድግ ብድግ አለ።

"እዚህ ይቀመጡ እማማ፣ ልጅ ታቅፈው አይቁሙ" አለች አንዲት ወጣት ወንበሯን ለቃ።

"ተባረኪ። ልጅ እንኳ አይደለም" አሉ ሴትዮዋ እየተቀመጡ፤ "አመሉ ግን ከልጅ ይብሳል።" ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርጉት ጥጋጥጉ የተላላጠ የድሮ ኮምፒውተር ሳጥን ብቅ አለ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ጠጋኙ ብቻ አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ብሎን እየፈታ ነበር፤ ድምፃቸውን ሲሰማ መፍቻው እጁ ላይ ቀረ። ለሁሉ ነገር "ቆይማ" ማለት ስለሚያበዛ ደንበኞቹ ስሙን ትተው ቆይማ ይሉታል፤ አሁንም ያችኑ አላት።

"ቆይማ... እርስዎ ራዲዮ ላይ ዜና የሚያነቡት አይደሉም?"

"የነበርኩት።"

"እናቴ እርስዎ ሲያነቡ የተነፈሰ ልጅ ትኮረኩም ነበር። ይሄ ጭንቅላት በእርስዎ ምክንያት ያልቀመሰው ኩርኩም የለም።"

"ይቅር በለኝ ልጄ" አሉ ሳጥኑን ወደሱ እየገፉ። "በል አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ይሄን ኮርኩመህ ልክ አስገባልኝ።"

ሰፈሩ እትዬ ዜና ይላቸዋል። ከራዲዮ ጣቢያው ከተሰናበቱ ቢቆዩም ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም። ቤት መዋል በጀመሩ ሰሞን የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የሳሙና መጠቅለያውን ሳይቀር ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ልጃቸው "እማዬ፣ ለማን ነው የምታነቢው?" ስትላቸው "ለሚሰማ" ይሏታል። ኋላ ላይ እውነተኛ ሰሚ ተገኘ። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዳላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ እትዬ ዜናም ጥሪውን በሰሙበት ዕለት መነጽራቸውን ወልውለው ተነሡ።

ስቱዲዮአቸው የመኝታ ቤታቸው ቁም ሣጥን ነው። በሩን ከፍተው፣ ወንበር አስጠግተው፣ አንገታቸውን በተሰቀሉት ልብሶች መካከል አስገብተው ያነባሉ፤ ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጣል። ከሁሉም የሟች ባላቸው ካፖርት ይበልጣል። "በሕይወት ሳለ አንዲት ቃሌን ዋጥ አድርጎ አያውቅም፤ አሁን ካፖርቱ እየካሰኝ ነው" ይላሉ። ማይክሮፎኑን የሰጧቸው ሲሰናበቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከማይክሮፎኑ ጋር የሚሄደው የድምፅ ካርድ ግን የሚገባው በድሮ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተሮች ለሱ የሚሆን ማስገቢያ የላቸውም። እሳቸውን ከዚያ አሮጌ ሳጥን ጋር ያቆራኛቸው ይኸው ነው።

ችግሩ የመጣው በደግነት በኩል ነበር። አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ ሊጠይቃቸው መጥቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ራሱን ነቀነቀ። "እማዬ፣ ይሄ ሲስተም፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ዘመኑ አልፎበታል። የሚያድሰው የለም። ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው" አላቸውና ያለውን ሁሉ አጥፍቶ አዲሱን ጫነላቸው። አዲሱ በእርግጥም ያምራል፤ መስኮቶቹ ያበራሉ፣ ሁሉ ነገር ተንሸራቶ ይመጣል። ሳጥኑ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረ። ውስጡ ያለው ማራገቢያ፣ ፋኑ፣ ማረፍ አቃተው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮሽታ ሲያሳድዱ የኖሩት እትዬ ዜና ምን ያድርጉ? የራዲዮ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ወፍራሙን ብርድ ልብስ አምጥተው ሳጥኑን ጥቅልል አድርገው አለበሱት። ጩኸቱም ጠፋ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው የጀመሩትን የሕግ መጽሐፍ ቀጠሉ።

መጽሐፉን የሚጠብቀው ዳኛው ነበር። ዳኛው ከነዚያ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አንዱ፣ ገና የሕግ ተማሪ ነው፤ ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፣ ለነገ ይሁንህ ብለው። አንድ ቀን ደወለላቸው።

"እትዬ፣ ሰሞኑን ስቅታ ይዞዎታል እንዴ?"

"የምን ስቅታ?"

"የላኩልኝ ምዕራፍ ላይ ድምፅዎ እየተቆረጠ ነው። እየመለስኩ ብሰማውም ያው ነው።"

እሳቸውም ከፍተው አዳመጡት። እውነቱን ነው፤ እዚህም እዚያም ድምፃቸው ጎድሏል። ቢደግሙት ባሰበት።

"ፈተናው እየደረሰ ነው" አለ ዳኛው በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል፣ በትሕትና። "ካልሆነ የቀሩትን ምዕራፎች ስልኬ ላይ ያለው የማሽን ድምፅ ያነብልኛል። እርስዎ አይጨነቁ።"

እንቅልፍ የነሳቸው ያቺ "አይጨነቁ" ነች። ያንን የማሽን ሰውዬ ያውቁታል። "ለነጠላ ሰረዝም ለአራት ነጥብም እኩል ነው የሚተነፍሰው" ይላሉ፤ "ይተነፍሳል ከተባለ።" ለሱ ወንበራቸውን ለቀው ሊቀመጡ? በማግስቱ ሳጥኑን ከነልብሱ አቅፈው የጠጋኙን ደረጃ ወጡ።

ቆይማ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት ብርድ ልብሱን በጣቶቹ ዳበሰው።

"ቆይማ። ይሄ ለመንገድ ነው የለበሰው?"

"የለም፣ ሁልጊዜም ለብሶ ነው።"

"ሲሠራም?"

"ሲሠራማ ነው ዋናው።"

ቆይማ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ የሳጥኑን ጎን ከፍቶ ከፋኑ ላይ የብርድ ልብስ ፀጉር በጥፍሩ ለቀም እያደረገ አስረዳቸው። ሳጥኑ ሲታፈን ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ሲዘገይ ንግግራቸውን መከተል ያቅተውና እየጣለ ያልፋል።

"አፍኜ ልገድለው ነበር በለኛ" አሉ እትዬ ዜና። ወረፋው ላይ ያለው ሰው አፉን ይዞ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

"ብርድ ልብሱ አንድ ነገር ነው" አለ ቆይማ። "ሲስተሙም ለዚህ ሳጥን ከብዶታል። ሽማግሌን ሲሚንቶ እንደማሸከም ነው።"

"ጉልበት አይጨመርለትም?"

"ራም ልጨምር ብል ማዘርቦርዱ ከዚህ በላይ አይቀበልም። የሚቀየረው የሚሸከመው ነገር ብቻ ነው። የድሮው ሲስተም አለ፤ ቀላል ነው፣ ግን ጠባቂ የለውም። አሁን ያለው አዲሱ አለ። ሦስተኛ ደግሞ ሊኑክስ ከሚባለው ወገን አንድ ቀለል ያለ አለ፤ እየታደሰ ነው፣ ጥበቃም አለው። መልኩ ግን ደረቅ ነው።"

"መልክ ለቴሌቪዥኖቹ ነው" አሉ እትዬ ዜና። "እኔ ራዲዮ ነበርኩ።"

ከዚያ ቆይማ ከማንም ደንበኛ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ጠየቁት። ሦስቱንም ተራ በተራ እንዲያስነሣላቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እንዳይነግራቸው። እሳቸው በየተራው ከያዙት የሕግ መጽሐፍ ያንኑ አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመርጣሉ። ማይክሮፎናቸውንና ስክሪኑ ላይ የሚሰኩትን ካሜራ ከቦርሳቸው አወጡ፤ ሰው ሕክምና ሲሄድ ካርዱን እንደሚይዝ ይዘዋቸው መጥተው ነበር።

ቆይማ ሦስት ሃርድ ዲስክ አዘጋጅቶ፣ ስክሪኑን ወደራሱ አዞረ። እትዬ ዜና ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ስለ ውል አፈጻጸም የሚያትተውን አንቀጽ ማንበብ ጀመሩ። ሱቁ ጸጥ ረጭ አለ። የአንዱ ስልክ ቢያቃጭል ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ቆይማ ራሱ ትንፋሹን ይዞ ቆመ፤ ኩርኩሙ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ሦስተኛው ንባብ ሲያልቅ ወንበሯን የለቀቀችው ወጣት "ውል መዋዋል አማረኝ" አለች።

እትዬ ዜና የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ በዝግታ ሄደች። በሁለተኛው ላይ ግንባራቸው ተቋጠረ። "ይሄ ንፋስ አለበት። መጨረሻው ላይም አንድ ቦታ ጎድሏል። አውጣው።" ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"አንደኛውና ሦስተኛው መንትያ ናቸው" አሉ። "ማን ማን ናቸው?"

"አንደኛው የድሮው ነው። ሦስተኛው ሊኑክሱ።"

"የድሮው ጠባቂ የለውም አልከኝ። ቫይረስ አስገብቼ የኔን በሽታ ለዳኛው አልልክበትም። ሦስተኛው ይሁን።"

"ቆይማ" አለ ጠጋኙ። "አንድ ነገር አለ። ካሜራዎን ሞክሬው ነበር፤ ሊኑክሱ አላወቀውም። በሱ ሰው ያዩበታል?"

እትዬ ዜና የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በካሜራው የሚያዩት የልጅ ልጃቸውን ነው፤ በትልቁ ስክሪን ላይ ጥርሶቿን እያስቆጠረች ታስቃቸዋለች።

"ስልክ አለኝ" አሉ በመጨረሻ። "ፊቷ ያንስ ይሆናል እንጂ ያው ፊቷ ነው። ጫንልኝ።"

በመኪና ሊወስዳቸው የመጣው አማቻቸው ስክሪኑን ሲያይ ቅር አለው። "እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? የድሮ ዘመን ነገር ይመስላል።"

"እንደኔ በለኛ።"

"እኔ ያንን የጫንኩልዎት እኮ አስቤልዎት ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። በሩን ይዝጉ ያልከኝም አንተ ነህ፤ ይኸው ተዘግቷል። ያንተኛው ሙሽራ ነው። እኔ ግን የሥራ ልብስ ነበር የቸገረኝ። በል ሳጥኑን አንተ ተሸከም፤ ደረጃውን እኔ አቅፌው ወጥቻለሁ።" አማችየው ሳቅ እያመለጠው ተሸከመ። ብርድ ልብሱ ሱቅ ቀረ።

ሳጥኑ ራቁቱን ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ወጣት አልሆነም። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ሌላው መዘጋት አለበት፤ ቆየት ብሎም ፋኑ ይነሣል። እትዬ ዜና ግን አመሉን ያዙት። ማጉረምረም ሲጀምር የያዙትን ሐሳብ አድርሰው ቀረጻውን ያቆማሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ የሚቀጥለውን ገጽ በዓይናቸው ያያሉ። ዝም ሲል ይቀጥላሉ። እንዲህ ሲሠሩ ምዕራፉ ሁሉ በአጭር በአጭሩ ተቀዳ፤ ፈተናው ሳይደርስም መጽሐፉ አለቀ።

ዳኛው ደወለ። "እትዬ፣ ስቅታው ለቀቀዎት። ደግሞ ቆራርጠው መላክዎ ተስማማኝ፤ ለክለሳ የምፈልገው ቦታ ላይ ቶሎ እደርሳለሁ። ከአሁን በኋላም እንዲሁ ያድርጉልኝ።"

"ያ የስልክህ ሰውዬስ?"

"አሰናብቼዋለሁ።"

"ደግ አደረግህ። ትንፋሽ ይማር።"

ብርድ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሱቁ ብቅ ሲሉ ቆይማ አጥቦ፣ አጥፎ ጠበቃቸው። ስለ ዳኛው ሰምቶ ደስ አለው። በሩ ድረስ ሲሸኛቸው ሐሳብ መጣለት።

"ቆይማ እትዬ፣ ካርድዎን የሚቀበል ከዚህ ጠንከር ያለ ሳጥን አንዳንዴ ያጋጥመኛል። ሳገኝ ልደውልልዎ?"

እትዬ ዜና ብርድ ልብሱን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው ደረጃውን ጀመሩ። ከታች መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ፣ ያ የድሮ የዜና ድምፅ ሽቅብ መጣ።

"ደውልልኝ። ካላነሳሁ ግን እንዳትቀየመኝ፤ ፋኑ ዝም ብሏል ማለት ነው።"