አለምብርሃን የመረጠው ቤዝ ጊታር

በሃምሳዎቹ ማብቂያ ግድም ድሬዳዋ ውስጥ ጆሮ ያለው ሰው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከዚራ ሰፈርም ያለ ሰው መጋላ ሰፈርም ያለ ሰው አንድ ስም ነበር የሚጠራላችሁ፤ አለምብርሃን፣ የምድር ባቡሩ። እንጀራውን የሚበላው በጆሮው ነበር። ባቡር ጣቢያ ገብቶ ሲቆም ረጅም እጀታ ያላት መዶሻውን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየዞረ የብረት መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ይመታል። ደህናው መንኮራኩር እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። አለምብርሃን "ይሂድ" ካለ ባቡሩ ይሄዳል፣ "ይቁም" ካለ ሹም ቢሳፈርበትም ይቆማል። ተሳፋሪው ከላይ ሆኖ ሙዙን ይልጣል፣ የታችኛው ሰውዬ ምን እንደሚያንኳኳ ግድም አይሰጠው። ነፍሳችንን በማን እጅ እንዳስቀመጥን ብናውቅ ኖሮ ግማሾቻችን በእግራችን እንሄድ ነበር።

ያው ጆሮ ሙዚቃም ያውቃል። አብሮ አደጉ ዓብዱልአዚዝ ቀን ቀን ቀፊራ ገበያ ቅመም እየሸጠ፣ ቅዳሜና እሁድ አኮርዲዮኑን ያነግታል። ሁለቱ ጥቂት ሰዎች አሰባስበው ባንድ አቋቁመው ነበር። ዛሬ የሐረሪ ሰርግ፣ በሳምንቱ የሶማሌ፣ ቀጥሎ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጁን ሲድር፣ አንዳንዴም ግሪኮቹ ክበብ ታንጎ። ድሬ እንዲህ ናት፤ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ባንድ ጦሙን ያድራል።

እንግዲህ ይህ ባንድ ሊፈርስ ደረሰ። ምክንያቱ ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጡት ባለ ኤሌክትሪክ ጊታር ባንዶች ናቸው። ሰርገኛው እነሱን አንዴ ከሰማ ወዲህ "ቤዝ አላችሁ?" ማለት ጀመረ። "የለንም" ሲባል ሻዩን ይጋብዝና "አስቤበት እነግራችኋለሁ" ብሎ ይሸኛል። ዓብዱልአዚዝ እንዲህ እየተባለ መሸኘቱ አንገፈገፈው።

"አቦ አለሜ፣ ወይ ቤዝ እንገዛለን ወይ አኮርዲዮኔን ሽጬ በርበሬ እጨምርበታለሁ" አለ።

"እንግዛ፤ እኔ እጫወተዋለሁ" አለ አለምብርሃን።

ሁሉም ገረማቸው። አለምብርሃን ማንዶሊን ተጫዋች ነበር፤ እሱንም "ጣቴ ደከመ" ብሎ ከተወው ከርሟል። ጣቱ ግን ምንም አልሆነም። ወጣትነቱን የጨረሰው መዶሻ ከመዶሻ ሲፋጭ በሚውልበት የባቡር መጠገኛ ውስጥ ነው፤ ያ ጩኸት ቀስ ብሎ ጆሮውን በልቶታል። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ የማንዶሊኑ ቀጭን ክር። ከዚያ ሰው ከጀርባው ሲያወራ ቃሉ መጥፋት ጀመረ። ሚስቱ ሸዋገነት ከጓዳ ጠርታው ዝም ሲላት፣ "ከእኔ ጋር ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው!" ትላለች። እሱም ይህን እንኳ የሚሰማው ፊት ለፊቱ መጥታ ስትጮህ ነው። ንቆኛል ብላ አኩርፋ የተኛችባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። እሱ ደግሞ ንቋታል ቢባል ይመርጣል፤ ደንቆሯል ከመባል።

አንድ ዘዴ ነበረው፤ ራስን በአዎንታ መነቅነቅ። ያልሰማውን ሁሉ በራሱ ንቅናቄ ያልፈዋል። መንኮራኩሩንስ? መንኮራኩሩን በእጁ ነበር የሚሰማው። መዶሻው መትቶ ሲመለስ እጀታው መዳፉ ላይ የሚነዝረውን ንዝረት ያዳምጣል። "ከጆሮዬ ይልቅ እጄ አይሳሳትም" ብሎ ራሱን አሳምኗል። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲነሣ የሚቀናውን ያህል በሌላ ነገር ቢቀናው የት በደረሰ። ቤዝ ጊታርንም የወደደው ለዚሁ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ደረት ላይ ይሰማል።

ፍለጋው ተጀመረ። አዲሱ ቤዝ ከዚራ በአንድ ግሪክ ሱቅ መስታወት ውስጥ ተገትሮ ነበር። ዋጋውን ጠየቁ።

"ግሪኩም አብሮ ነው የሚሸጠው?" አለ ዓብዱልአዚዝ፣ ወጥተው በጥላው በኩል ሲሄዱ።

የተዋጣው ብር ለአሮጌ፣ እሱም ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው። ያ አንዱ ደግሞ ለሁሉም መሆን አለበት። ለታንጎ የታችኛው ወፍራም ክር ጥርት ማለት አለበት፤ ለትዝታ ላይኛው ለስለስ ማለት አለበት፤ ለሶማሌው ጭፈራ ቶሎ መልስ የሚሰጥ፣ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ተሸክመውት ሲሻገሩ ትከሻ የማይቆርጥ፣ የድሬ ሐሩር አንገቱን የማያጣምመው። ይህን ሁሉ የያዘ ሙሽራ እንኳ አይገኝም።

መጋላ ውስጥ ቃሊ የሚባል ሶማሌ ነጋዴ ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ ያመላልሳል። ሁለት አሮጌ ባለ አራት ክር ቤዞች አምጥቷል ተባለ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀይ። ዓብዱልአዚዝ በዚያው ቀን ሐረር የሐዘን ቤት ነበረበት።

"አንተ ሂድና ምረጥ" አለው። "የአንተ ጆሮ ካለ የእኔ ምን ይጨምራል?"

አለምብርሃን ራሱን ነቀነቀ። ይህን ግን ሰምቶት ነበር።

ቃሊ ቤት ሲደርስ ከቀትር በኋላ ነው፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በርጫ ላይ የተቀመጠበት ሰዓት። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ጫቱ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ሻዩ ቀርቧል። ድሬ ውስጥ እንዲህ ሳይቀመጡ መሸጥ መግዛት ነውር ነው። ቃሚው ምርቃና ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁሉ ነገር ያምርበታል፤ በዚያ ሰዓት የማይገዛ ነገር የለም። ሲበርድለት ነው የገዛውን አይቶ የሚደነግጠው። አለምብርሃን ይህን ስለሚያውቅ ብዙም አልቃመም።

ቡናማውን አነሳ፤ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኙለት። የተፋቀ፣ ቀለሙ የለቀቀ ዕቃ ነው። ክሩን መታ። ደረቱ ላይ ትንሽ ነገር ነካችውና ጠፋች። "ደካማ ነው" አለ በልቡ።

ቀዩን አነሳ፤ ያብረቀርቃል። ወፍራሙን ክር ሲመታው የተደገፈው ትራስ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ደረቱ ሞላ። መንጋጋውን ጊታሩ ገላ ላይ አስደግፎ ደግሞ መታው፤ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ዘመረለት። ስንት ጊዜው ነው ሙዚቃ እንዲህ ከሰማ! ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃሊ ከኋላው ሻይ እየቀዳ አንድ ነገር ተናገረ። አለምብርሃን ዞር ሳይል ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄን ነው የምወስደው" አለ።

ቃሊ አየት አድርጎት ብሩን ተቀበለ።

በማግስቱ ባንዱ ዓብዱልአዚዝ ግቢ ተሰበሰበ። ቀዩን ቤዝ ሲያዩት ሁሉም አጨበጨቡ፤ ቆንጆ ነዋ! አለምብርሃን በትዝታ ጀመረ። ደረቱ ሞላለት። ቀና ሲል ግን የዓብዱልአዚዝ ፊት ኮምጣጣ ነገር እንደነከሰ ሰው ተጨማዷል። ከበሮ መቺው አንገቱን ደፍቷል።

"ምነው?" አለ አለምብርሃን።

"ምነው ትላለህ እንዴ? ጥዝዝ ይላል! ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ! አትሰማም?"

አለምብርሃን ደግሞ መታ። አዳመጠ። መንጋጋውን አስደገፈ። ምንም የለም። ያ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ደረት የሚሞላ ድምፅ ብቻ።

"አዎ... ትንሽ" አለ።

"ትንሽ!" ዓብዱልአዚዝ ጊታሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ከራስጌው ሥር፣ አንገቱ ላይ፣ በቀለም የተሸፈነ ስብራት አገኘ፤ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የሁሉም ዓይን አለምብርሃን ላይ ዐረፈ። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓብዱልአዚዝ ግን ቀደመውና ሳቁን ለቀቀው።

"ወላሂ መርቅነህ ነው የገዛኸው! በርጫ ላይ ነው የመረጥከው፣ አይደል?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ድሬ ውስጥ ለዚህ ጥፋት ይቅርታ መጠየቅም አያስፈልግም። እገሌ መርቅኖ አንካሳ ግመል ገዛ፣ እገሌ መርቅኖ ለማያውቃት ሴት ሽማግሌ ላከ እየተባለ ተወራ። አለምብርሃንም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምን ላድርግ፣ መርቅኜ ነው" አለ። ዳነ። ግን ሳቁ ከአፉ ሳይወርድ ዓይኑ እጆቹ ላይ ዐረፈ። ደረቱም እጁም አጥንቱም ደህና ነው ብለውታል፤ ስብራቱ ግን እዚያው ነበር። እነዚያው እጆቹ ትናንት ጠዋት ስንት መንኮራኩር "ይሂድ" ብለዋል?

ጊታሩን ይዞ ቃሊ ጋ ሄደ። ቃሊ አልተቆጣም። ቡናማውን አውጥቶ ሰጠውና ቀዩን መልሶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ።

"ዋርያ፣ ነግሬህ ነበር እኮ" አለ። "ሻይ እየቀዳሁ ቀዩ አንገቱ ስብር ነው፣ ጥዝዝ ይላል አልኩህ። ራስህን ነቀነቅክ። ጆሮው የታወቀ ሰው ነው፣ ለምን እንደፈለገው እሱ ያውቃል አልኩ።"

ቃሊ ተጠጋውና አፉን እንዲያይለት አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ለማንም አላወራም። ግን እኔ በዚያ ባቡር ነው የምኖረው። ሚስቴ በዚያ ባቡር ላይ ትተኛለች። አንተ ደግሞ ከሥር ታንኳኳለህ።"

አለምብርሃን ቡናማውን ጊታር ተሸክሞ ወጣ፤ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። ይህን ሥራ ከለቀቀ ማን ይሆናል? ድሬ ውስጥ ሌላ ስም የለውም። መዶሻዋን ያስረከበ ቀን የሚደነቁረው ጆሮው ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በሙሉ ነው። እንዲህ እያሰበ ደቻቱን ተሻገረ፤ ቤቱ ሲደርስም ለሸዋገነት ምንም አልነገራት። እሷ ሻንጣ ታስራለች። አዋሽ ያለችው እኅቷ ልትወልድ ቀኗ ገብቷል፤ በጠዋቱ ባቡር መሄዷ ነው።

ጠዋት መዶሻውን ይዞ ወረደ። ባቡሩ ቆሟል፤ ሸዋገነት ሦስተኛ ማዕረግ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የመጀመሪያውን መንኮራኩር መታ። እጁ ላይ ነዘረው፤ ደህና ነው። ቀጣዩን መታ፤ ደህና ነው። ቀዩ ጊታርም እኮ ደህና ነበር። የሚስቱ ፉርጎ ሥር ሲደርስ መታ፣ ቆመ፣ እንደገና መታ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ብረቱ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረውም። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከእጁ የሚሰማው የመዶሻው ንዝረት ይሁን የራሱ መንቀጥቀጥ መለየት አቃተው።

አለቃው አቶ ጉግሳ ሰዓቱን እያየ መጣ። "አለምብርሃን! ምን ሆነሃል? ይሂድ?"

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ራሱን በመነቅነቅ መልሶታል። አሁንም አንገቱ ሊነቃነቅ ቃጣው። መዶሻዋን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

"ሌላ ሰው ይምታው፣ አቶ ጉግሳ። እኔ አልሰማም።"

"ምን ማለት ነው አልሰማም?"

"ጆሮዬ ሄዷል። ከሄደ ቆይቷል።"

አቶ ጉግሳ የሚቆጣም የሚያዝንም ፊት አጣ። መዶሻዋን ተቀበለውና ሌላ መቺ ጠራ። ሰውየው ከዳር እስከ ዳር ሲመታ ባቡሩ ዘገየ፤ ተሳፋሪው በየመስኮቱ ብቅ እያለ አማረረ። አለምብርሃን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ጠበቀ። በክፉ ልቡ አንድ ስንጥቅ እንዲገኝ ተመኘ፤ መናዘዙ ቢያንስ ለአንድ ነገር በሆነ። ሰውየው ጨርሶ መጣ። ሁሉም ደህና ነው። አንድም ስንጥቅ የለም።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሸዋገነት በመስኮቱ ብቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ምናልባት ምሳውን የት እንዳስቀመጠችለት ይሆናል፣ ምናልባት ለምን እንዳዘገያቸው ጠይቃው ይሆናል። አብሮ መሮጥ ጀመረ።

"ሸዋዬ! አልሰማሁሽም!"

ደገመችለት፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደ ወትሮዋ ተናዳ።

"አልሰማም!" አለ፣ ጆሮውን በመዳፉ እየመታ። "ንቄሽ አይደለም! ጆሮዬ ነው! ከድሮም አልሰማሽም ነበር!"

ግንባሯ ቀስ ብሎ ተፈታ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰዎች ከኋላዋ ሊያዩ ተንጠራሩ። ወደ ውጭ ተሳበች፤ ዓይኗ ከእሱ ሳይነቀል ርቃ ሄደች። አለምብርሃን ጣቢያው ጫፍ ላይ ቆመ። ባቡሩ ከእግሩ ሥር መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፤ ያን ሰማው። ከዚያ ንዝረቱም አለቀ።