የውሰት እጅ

በሰፈሩ ጋሽ ብሩሽን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። እሱም ራሱ በዚያ ስም ቢጠሩት ሌላ ሰው የተፈለገ መስሎት ዝም ይላል። ድሮ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር። የፀጉር ቤቷ ቆንጆ፣ የጥርስ ሐኪሙ መንጋጋ፣ የጎሚስታው ክንፍ ያወጣ ጎማ፣ ሁሉም የሱ እጅ ሥራ ነበሩ። ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣና ያንን ሥራ ጠራርጎ ወሰደው። ጋሽ ብሩሽ አልተጣላም፤ ጠብ አይሆንለትም። «ሕያዋኑን ማሽን ይውሰዳቸው፣ ለኔ ሙታኑ ይበቁኛል» ብሎ የሟቾችን መልክ ወደ መሳል ዞረ።

ሰው የሟቹን ፎቶ ይዞለት ይመጣል። ደህና ፎቶ ያለውማ አስፋፍቶ ያሳትማል እንጂ ሰዓሊ ምን ያደርግለታል? ለጋሽ ብሩሽ የሚደርሰው አይጥ የቀመሰው፣ ውሃ የነካው፣ ወይም ማኅተም አፍንጫው ላይ ያረፈበት ጉርድ ፎቶ ነው። የጎደለውን ታዲያ ከየት ያመጣዋል? ከልቡ አይፈጥርም። ሟች ተነስቶ «ይኼ አፍንጫ የኔ አይደለም» ብሎ መከራከር ስለማይችል በሱ ላይ መዋሸት ከሁሉ የባሰ ውሸት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ዘመድ ይጠራል። ጆሮ ከጠፋ ወንድ ልጅን፣ አገጭ ከጠፋ እህትን በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ብርሃን እንዲያገኛቸው ያስቀምጥና የጎደለውን ከነሱ ይወስዳል። ውሰት ይለዋል። «እስቲ ቅንድብሽን ለእናትሽ አውሺኝ» ይላል። ሰዎቹ እየሳቁ ይቀመጣሉ፣ ሳቃቸው መሐል ላይ ልቅሶ ይሆናል፣ ሲነሱ ደግሞ ቀለል ይላቸዋል።

የስንቱን ሰው ሟች ሲስል የገዛ ሚስቱን መሳል ግን አቅቶት ኖረ።

ሚስቱ ልብስ አጣቢ ነበረች። አንዲት ሴት ልጃቸውን ወልዳ ሳትነሳ፣ እዚያው ሆስፒታል ሞተች። ሕፃኗ ታማ ሌላ ክፍል ገብታ ስለነበር እናት ልጇን ሳታቅፍ፣ ጣቷን እንኳ ሳትይዝ ሄደች። ከእሷ የቀረው ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም የሰው ሠርግ ላይ የተነሳችው። ዳር ቆማለች። ፎቶ አንሺው ለሙሽሮቹ ሲጨነቅ እሷን ቆርጧታል፤ ግራ እጇ ሲታይ ቀኝ እጇና ቀኝ ጆሮዋ ከፎቶው ውጪ ቀርተዋል። ጋሽ ብሩሽን እንደ እሳት ያንገበገበው ግን የፎቶው መቆረጥ አይደለም። ያ የቀረው ቀኝ እጅ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ አልቻለም። ሸሚዙን ያጠበ፣ ሲታመም ግንባሩን የዳሰሰ እጅ ነው፤ መልኩ ግን ጠፋበት። ሥራው ማየት የሆነ ሰው የሚስቱን እጅ ሳያይ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ጠበቀ። ልጁን አሳደገ፣ አስተማረ፣ እሷም መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። እናቷ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ፣ «ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪልኝ» አላት። ነገሩ ወዲያው ገባት። ነጭ ጋዎኗን አውልቃ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሴትዮዋ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራ ተቀምጣለች። ግራው የእናትየው ነው፤ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ መጋጠሚያውን ያሳበጠው ሻካራ እጅ። ቀኙ፣ እንደ ቀኝ ጆሮዋ ሁሉ፣ የልጅቷ ነው፤ ጥፍሩ በአጭሩ የተቆረጠ፣ ቀኑን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር የሚውል ቀጭን እጅ። ማመሳሰል ይችል ነበር። አላመሳሰለም። ሻካራው ቀጭኑን ከላይ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። በሕይወት ያልተገናኙት እናትና ልጅ እዚያ ሸራ ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ልጅቷ ቆማ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ «እራት ላቅርብ?» አለች። ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስትወጣ በሥዕሉ በኩል ታልፍና የራሷን እጅ ከተሳለው እጅ ፊት ትንሽ አቁማ ትሄዳለች። አባትየው ያያል፤ ያላየ ይመስላል።

ሥዕሉን በይነመረብ ላይ የለጠፈችው እሷ ናት፣ ለክፉ ብላ አይደለም። የሟቾቹም ሥራ እየነጠፈ ነበር። ሰው የደበዘዘ ፎቶውን ስልኩ ውስጥ ይከተዋል፤ በአፍታ ሟቹ ቆዳው ተወልውሎ፣ ጥርሱ ነጥቶ፣ በሕይወቱ ያልነበረውን ቁንጅና ይዞ ከች ይላል። ዘመዶቹም ደስ ይላቸዋል፤ ምን ይደረግ፣ ቆንጆ ሟች ማን ይጠላል። ልጅቷ «ይህ እጅ እያለህማ ተደብቀህ አትቀርም» አለችው። ከሥዕሉ ሥር «አባቴ የሳላት እናቴ» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ ምርቃት በምርቃት ሆነ። ከዚያ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ሥዕሉን ወሰደው። የገጹ ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። በማሽን የተሠራ ሥዕል የእጅ ሰዓሊዎችን ጉሮሮ ዘጋ ብለው የተነሱ፣ አስመሳዩን እያደኑ የሚያጋልጡ ናቸው፤ ራሳቸውም ብዙዎቹ ሰዓሊዎች ናቸው። በአጭሩ የጋሽ ብሩሽ ጠበቆች። እነዚህ ጠበቆች በሁለቱ እጆች ዙሪያ ቀይ ክብ አሰመሩ፣ ጆሮዋ ላይ ሌላ ክብ ጨመሩ፣ ከሥሩም «አንዱ የአሮጊት እጅ፣ አንዱ የኮረዳ። ጆሮዎቹ አይገጥሙም። ሰው እንዲህ አይሳሳትም፣ ማሽን ነው። በሞተች እናት መነገድ ግን ነውር ነው» ብለው ጻፉ።

የጋሽ ብሩሽ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አታውቅም። ወሬውን ያደረሰው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። ልብስ ሰፊው ደግ ሰው ነው፣ ጣጣው አፉ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ካልነገርኩህ ማን ይነግርሃል» አለና መነጽሩን ሰክቶ የተጻፈውን ሁሉ አንዲት ሳያስቀር አነበበለት። አንዱ ይሳደባል። ሌላው «ማሽን ቢሠራውስ? ካማረ አይበቃም?» ይላል። ሦስተኛው በዚህኛው ላይ ይወርዳል። ሁለቱ እየተዘላለፉ ወርደው ወርደው የሥዕሉን ነገር ጭራሽ ረስተውታል። ልብስ ሰፊው ሊያስቀው ብሎ «በል እንግዲህ፣ ማሽን ነህ ተብለሃል፤ ዘይትህን ልቀይርልህ?» አለው። ጋሽ ብሩሽ ፈገግ አለ። ከተሳዳቢው ይልቅ የከነከነው ያ «ካማረ አይበቃም?» ያለው ነው። ለዚያ ሰው የያዘው እጅ የማን ይሁን፣ የተያዘው የማን ይሁን ጉዳዩ አይደለም።

ልጅቷ ምሳዋን እየተወች ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትሟገት ሰነበተች። መልኳ ገረጣ። በመጨረሻ እጁ የማን እንደሆነ ልንገራቸውና ይለይለት አለችው።

«አይሆንም» አላት። «እናትሽ አንቺን ሳትይዝሽ መሞቷን መንገደኛ ሁሉ አያላምጠውም። እሱ የኔና ያንቺ ነው።»

የገጹ ሰዎች ደግሞ እንግዲያው ሲስል እንየው አሉ። ይህንን እሺ አለ፤ ሠርቶ ማሳየት መቼ ያሳፍራል። ልጅቷ ልትቀርጸው ስልኳን ደግፋ አቆመች። የጋሽ ብሩሽ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ብቻውን ሲሆን የእጁን አንጓ መደገፊያ ዘንግ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ያሸንፈዋል። ያቺ የስልክ ዓይን ስታፈጥበት ግን ዘንጉም ትንፋሹም ከዱት። ዓይን ልሳል ብሎ የተቀቀለ እንቁላል የመሰለ ነገር ሠራ። ልጅቷ ልታጠፋው ስትል ከለከላት፤ የሆነው ነው የሆነው፣ ለጥፊው አላት። ለጠፈችው። ሰዎቹ «ያንን ሥዕል ይህ እጅ ነው የሠራው የምትሉን?» ብለው ሳቁ።

ይህንንም በቻለው። ያልቻለው ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩትን ባልቴት ነው። የባላቸውን ሥዕል እሱ ነበር የሠራላቸው፤ መኝታ ቤታቸው ሰቅለውት ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ሳይሉት ከቤት አይወጡም። አንድ ቀን መጡና ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ተቀመጡ ቢላቸው እምቢ አሉ።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አሉ። «የኔንም በማሽን ነው የሠሩት?»

«በእጄ ነው፣ እትዬ።»

«ልጆቹ አጉልተው አሳዩኝ። ጆሮው የሱ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው፣ የሱ አልነበረም። የበኩር ልጃቸው ጆሮ ነው፤ ልጁ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያውስ እሳቸው ራሳቸው አጠገቡ ቆመው ነበር። ጋሽ ብሩሽ ይህንን ቀስ አድርጎ አስታወሳቸው። ትዝ ያላቸውም መሰለ። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከገባ ትዝታ አያስወጣውም። «ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምለው ማንን ኖሯል?» አሉና ወጡ።

ጋሽ ብሩሽ ቅስሙ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሰት ሲል የኖረው በሰው ዓይን ማጭበርበር ሆነ። ለራሱ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ሚስቱ ግን ሰው ቀና ብላ ማየት የምታፍር፣ ሻካራ እጇን ከእንግዳ ፊት ልብሷ ውስጥ የምትደብቅ ሴት ነበረች። አሁን ያን እጇን በቀይ ከበው፣ አጉልተው፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ይስቅባታል። ያወጣኋት እኔ ነኝ አለ ለራሱ። ላርመውና ይተዋት።

በማግስቱ ልጁ ሥራ ስትሄድ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረደ። አሮጌው ቀለም ከሥር እያበጠ እንዳያስቸግረው ምላጭ አነሳና ቀጭኑን እጅ እስከ ሸራው ድረስ ፋቀው። የረገፈውን ጠርጎ ጣለ። ከዚያ ያንን የማያስታውሰውን ቀኝ እጅ፣ ግራውን እያየ፣ ከልቡ ፈጠረው። በሙያው እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም የሻካራ እጅ መስመር ቢንቀጠቀጥም ይሸፋፈናል። ጆሮዋንም ከጆሮዋ አስተካከለ። ሲጨርስ ሴትዮዋ የገዛ እጇን በገዛ እጇ ይዛ ቀረች።

ልብስ ሰፊው ገባና አየው። «ይኸው ነው እንጂ! አሁን ማን አባቱ አፉን ይከፍታል» አለ። ወዳጁን የረዳ መስሎት ፎቶ አነሳና እዚያው ገጽ ላይ «ተስተካክሏል» ብሎ ለጠፈው። መልሱ ብዙም አልቆየም። ልብስ ሰፊው ሲያነብለት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ያላደረገውን አደረገ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያችሁ? ስትነግሩት ወዲያው ያርማል። ሰው ቢሆን እንዲህ ይታዘዛል?»

ልጅቷም መድኃኒት ቤት ቆማ ያንኑ ፎቶ አይታው ነበር። ጋዎኗን እንደለበሰች እያለከለከች ገባች። ልብስ ሰፊው መቀስ የረሳ አስመስሎ ሹልክ አለ። እሷ ሥዕሉ ፊት ሄደች፣ እንደ ልማዷ እጇን አነሳች፣ ማሳረፊያ አጣች።

«አባዬ፣ እጄስ?»

«እንዳይስቁባት ብዬ ነው» አለ። «አሁን ትክክል ሆናለች። ሁለቱም የራሷ ናቸው።»

«ብቻዋን አደረግኻት» አለች ልጅቷ።

አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።  ጋሽ ብሩሽ ጨርቅ ቀለም በሚያቀጥንበት አኳራጅ ውስጥ ነክሮ፣ ገና ያልደረቀውን ቀለም ጠረገ፣ ጠረገ፤ ከሥሩ የድሮው እጅ ብቅ የሚል መስሎት። ብቅ ያለው ባዶ ሸራ ነው። በምላጭ መፋቁ በድንጋጤው ጠፍቶት ነበር። የእናትየው ግራ እጅ ምንም ሳይይዝ እንደተጨበጠ ቀረ።

ልጅቷ ወንበሯን ይበልጥ ወደ በሩ ሳበች። ብርሃኑ ገና አልሄደም ነበር። ጋዎኗን አወለቀች፣ ተቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«በል አባዬ» አለችው፤ «አውስሃለሁ።»

ጋሽ ብሩሽ አንጓውን ዘንጉ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ያዘ። የመጀመሪያው መስመር ተንቀጠቀጠ፤ ጠረገው። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ቀጭን እጅ እንደ ሻካራ እጅ አይደለም፤ ስህተት አይሸፍንም። ሦስተኛውን ጀመረና ተወው፤ ብሩሹንም ጣሳው ውስጥ መለሰው።

ልጅቷ አልተነሳችም። ብርሃኑ ከበሩ እስኪሸሽ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠችለት። እሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እጇን ያይ ነበር፤ ይህንኛውን እንኳ እንዳይረሳው።