የጋሽ ሰይድን ሽፋን ይዤ ጎሮ

አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገርጂ ካለው የመጠረዣ ቤቴ ወጣሁ። የምሄደው ቦሌ ሚካኤል ነው፤ የሚያስሄደኝ ደግሞ የጋሽ ሰይድ ማሽን። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚያ ማተሚያ ቤት ከከፈቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሐሙስ ማታ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደውለው፣ "ሰብለ፣ ማሽኑ ቆመ። እሳቸውም አብረው ቆመዋል፤ እህል አልቀምስ አሉኝ" አሉ።

ጎሮ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ተማሪዎቹን ያስመርቃል። የምረቃ መጽሔቱን በየዓመቱ የሚያትሙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የውስጡ ገጽ ታትሞ እኔ ዘንድ ደርሷል፤ የቀረው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ አርብ ካልታተመ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይመረቃሉ፣ ጋሽ ሰይድም የቀራቸውን አንድ ቋሚ ደንበኛ ያጣሉ። ያኔ ማሽኑን ለብረት ገዢ ሸጠው ቤቱን እንደሚዘጉ ቁርጡን ተናግረዋል። ገዢው ቅዳሜ ሊያይ ይመጣል።

እኔ የተጠራሁት የማተሚያ ቤቶች ማህበራችን የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ስላደረገኝ ነው። በምርጫው ሰዓት ምሳ ልበላ ወጥቼ ነበር፤ የሌለ ሰው ነዋ የሚመረጠው! በደንባችን ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ የአንዱ አባል ማሽን ሲቆም ሌላው ያትምለታል። ያተመው ሰው ደንበኛውን አያነጋግርም፤ ከሽፋኑ ግርጌ የሚወጣውም ማሽኑ የቆመበት ማተሚያ ቤት ስም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ሲጠቀምበት አይቼ አላውቅም። ሥራውን ለሌላ አታሚ የሰጠ ሰው ደንበኛውን አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል።

ቦሌ ሚካኤል፣ 2፡30

ሰኔ ስለሆነ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ያንሸራትታል። ብረት የሚበይዱት፣ ልብስ የሚሰፉት፣ ሁሉም በራቸውን ከፍተዋል። ጋሽ ሰይድ ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"ደህና አደሩ ጋሽ ሰይድ?"

"አልሐምዱሊላህ። ማሽኑ ግን ደህና አላደረም።"

ወረቀት የሚስበው ክፍል ጥርሱ ረግፏል። መለዋወጫው ተፈልጎ እስኪገኝ ቢያንስ ሳምንት ይፈጃል። ሥራውን ለሌላ አባል እንስጠው አልኳቸው።

"ደንበኛዬን በእጄ ይዤ ልሂድለት?"

"ደንቡ አለ እኮ።"

"ደንቡ ወረቀት ነው ልጄ። ወረቀትማ እኔም አትማለሁ።"

እትዬ ዘሀራ ናቸው የገቡበት። "ሰይዴ፣ የልጆቹስ ነገር?" አሉ ቀስ ብለው። ጋሽ ሰይድ ከበርጩማው ተነሱ። ባለቀለም ሽፋን አራት ፕሌት አለው፤ ለሰማያዊው፣ ለቀዩ፣ ለቢጫውና ለጥቁሩ አንዳንድ ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ማለት ነው። "ራሴ ልጠቅልልልሽ፣ ውጪ ጠብቂኝ" አሉኝ። እስኪጨርሱ በአሥራ አምስት አሥራ አምስት ብር ሁለት ሳምቡሳ በላሁ። በጋዜጣና በፌስታል የተጠቀለለውን ሲሰጡኝ እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም።

ኢምፔሪያል፣ 4፡15

የቀለበት መንገዱ ጭንቅንቅ ያለ ነው። ኢምፔሪያል ወርጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ኤልሳቤጥ ወጣሁ። እሷም አባል ናት፤ ፕሌትም ትሠራለች።

"ሰብሊዬ፣ ሶሪ! ሳይዙ አይሄድም" አለች ፕሌቱን ገና እንዳየች። "የኔ ማሽን ትልቅ ነው፣ የፕሌቱ ቀዳዳ ራሱ አይገጥምም። አራቱንም እንደ አዲስ ልሥራ ብል ለዛሬ አይደርስም። ቆይ፣ ግሩፑ ላይ ፖስት ላድርገው።"

በማህበሩ ቴሌግራም ላይ ጻፈች። አንድ ሰው ብቻ "ይገጥማል፣ አምጡት" ብሎ መለሰ፤ ጎሮ ያለው ዳንኤል። የዳንኤል ማተሚያ ቤት ከዚያው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነው። ይህን ሥራ ለማግኘት ሦስት ዓመት እንደደከመ ሁላችንም እናውቃለን። ደብቄ መሄድ አልሆነልኝምና ለጋሽ ሰይድ ደውዬ የሚያትመው ዳንኤል መሆኑን ነገርኳቸው።

"ጋሽ ሰይድ? አሉ?"

"አለሁ። ውሰጂለት። ልጆቹ ይመረቁ።"

ጎሮ፣ 6፡00

ሚኒባሱ ሃያ ብር ነው። ፕሌቱን ጉልበቴ ላይ አቁሜ ስይዝ አጠገቤ የነበሩ እናት፣ "መስታወት ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

"የሰው እንጀራ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ጠጋ ልበልልሽ" አሉና እስክንደርስ ግማሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ወረድኩ።

ዳንኤል የወላይታ ልጅ ነው፤ ፕሌት ሲያስር መዝሙር ያንጎራጉራል። በጥቁሩ ጀመረ። የመጀመሪያው ሉህ ሲወጣ አነሳውና ግርጌውን በማጉያ አየ። ማሽኑን ወዲያው አጠፋ።

"ስማቸው የታል?"

ግርጌው ባዶ ነው። ፕሌቱን ፈትተን ስናየው ስሙ የነበረበት ቦታ በማጥፊያ እስክሪብቶ ተጠርጓል። ውጪ ጠብቂኝ ያሉኝ ለካ ለዚህ ነው! ደውዬ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

"ያላተምኩትን አተምኩ አልልም" አሉ ጋሽ ሰይድ። "እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ያተመው የራሱን ስም ያስገባበት።"

ዳንኤልን አየሁት። የተመኘው ነገር በባለቤቱ አፍ ተሰጠው። እሺ ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ እኔ ግን እሺ እንዳይል በልቤ ለመንኩ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ስልኩን ተቀበለኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ዳንኤል ነኝ። ይህን ሥራ ስመኘው እንደኖርኩ አልደብቅዎትም። እንዲህ ሆኖ ግን አልወስደውም። ስምዎ ካልገባ ማሽኑን አላስነሳም።"

"ልጄ፣ ጊዜ የለም እኮ።"

"ጊዜውን የሚያባክኑት እርስዎ ነዎት!"

ከወዲያ በኩል እትዬ ዘሀራ ሲስቁ ተሰማኝ። ጋሽ ሰይድ "እሺ" ብቻ ነው ያሉት።

እትዬ ዘሀራ ፋይሉን ለኤልሳቤጥ ላኩላት፤ እሷም የጥቁሩን ፕሌት እንደ አዲስ ሠራችው። ያ እስኪመጣ ዳንኤል በየቀለሙ መሃል ማሽኑን እያጠበ ሦስቱን ቀለሞች አተመ። ምሳችንን አንድ በያይነቱ በመቶ ሰማንያ ብር አስመጥተን ከማሽኑ ጎን ቆመን በላን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ኤልሳቤጥ ፕሌቱን በጃኬቷ ሸፍና፣ እሷ በስብሳ ገባች። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አራት መቶ ሽፋን አለቀ። ቀለሙ እንዲደርቅ እዚያው አሳደርነው።

ቅዳሜ

ማለዳ ሽፋኑን ወደ ገርጂ አምጥቼ ከሠራተኞቼ ጋር ጠረዝን። ጋሽ ሰይድ ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡና አብረን ወደ ጎሮ ተጫንን። ልጆቹ ጋውናቸውን ለብሰው በር ላይ ይጯጯሃሉ። ዳንኤል ርእሰ መምህሯ እንዳያዩት የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ዝቅ አድርጎ ውስጥ ተቀምጧል።

ርእሰ መምህሯ አንዱን መጽሔት ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ "ጋሽ ሰይድ፣ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም" አሉ።

ጋሽ ሰይድ አመሰግናለሁ ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የርእሰ መምህሯን እጅ ይዘው መንገዱን አሻገሯቸውና የዳንኤልን መዝጊያ አንኳኩ። "ማሽኔ ተሰብሮ ያተመልኝ ይህ ልጅ ነው" አሉ። "ሥራውን ይወቁለት። ለከርሞ ማንን እንደሚመርጡ የእርስዎ ፈንታ ነው።"

ዳንኤል የሚገባበት ጠፋው። ርእሰ መምህሯ ሁለቱን በየተራ አዩና፣ "እንዲህ የምትዋደዱ ከሆነ ለከርሞም፣ ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ጋ ነው የማመጣው፤ እርስዎ ካልቻሉ ማን እንደሚያትመው አውቄያለሁ" አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ዓይኔን ጠረግኩ። ምን ያሳፍራል!

ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ከሚኒባሱ ውስጥ ወደ ቤት ደወሉ። "ዘሀራ፣ ሰውዬው መጣ? ... ሻይ ስጪውና ሸኚው። የሚሸጥ ማሽን የለም።"

ገርጂ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ የማስበው ዳንኤልን አልነበረም። የእሱ ደግነት ለማንም ግልጽ ነው። የማስበው ጋሽ ሰይድ አርብ ጠዋት እነዚያን ፕሌቶች ሲሰጡኝ የነበረውን ፊታቸውን ነው። ደንቡን አላመኑትም፣ ማን እንደሚያትመውም አላወቁም፣ ለልጆቹ ብለው ግን እየፈሩ ሰጡ። ማህበር ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ፕሌቱን እለቀው ነበር ወይ? ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላም መልሱን አላገኘሁትም።