የቃሬዛው መንገድ

ሥራዬ አዲስ ክሊኒክ ከመከፈቱ በፊት ሄዶ ማየት ነበር። ፈቃድ ከመስጠቴ በፊት ቃሬዛው ላይ እተኛና ሠራተኞቹ ከአልጋው እስከ ውጭው በር ተሸክመው እንዲያወጡኝ አደርግ ነበር። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ካላወጡኝ ፈቃድ የለም።

ኋላ አሠራሩ ላላ። ባለቤቱ ቅጹን ሞልቶ ይፈርማል፣ እኛ ፈርመን ማኅተም እናሳርፋለን፤ ጉብኝቱ በኋላ ይደርሳል ተባለ። ተከራከርሁ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን አለቃዬ፣ «ሕዝቡ ሐኪም አጥቶ እርስዎ ደረጃ ይለካሉ?» አለኝ። ምጥ የያዛት ሴት ሩቅ ካለችው ከአንበሳሜ ከተማ ድረስ እየመጣች ስትንገላታ አይቻለሁና ክርክሩን ተውሁ። ጡረታ እስክወጣ የመጣልኝን ቅጽ ሁሉ ፈረምሁ።

ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ያዛትና ባሏ ዓባይ ማዶ ወዳለ አዲስ ክሊኒክ ወሰዳት። የወሊድ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ተከትያቸው ደርሼ ስወጣ ደረጃው መሀል ላይ ድንገት ታጠፈ፤ ትከሻዬ ግድግዳውን ነካ። ገና እዚያው ቆሜ ሳለሁ አዋላጇ ከላይ፣ «ደሙ አልቆም አለ፣ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፣ ቃሬዛ ቶሎ!» ብላ ጮኸች።

አማቼና ጥበቃው ከታች ቃሬዛ ይዘው መጡ። መታጠፊያው ላይ አልዞር ሲላቸው በቁሙ አድርገው አሳለፉት። ባዶ ስለሆነ አለፈ።

አማቼ ዞሮ ቁልቁል አየኝ። «አባባ፣ ሰው ተኝቶበትስ እንዴት ይወርዳል?»

ከትከሻዬ አጠገብ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የክሊኒኩ ፈቃድ ተሰቅሏል። ፊርማው የእኔ ነው።