የቶኩጂ ማጥለያ

ባሏ ቶኩጂ የሞተ ዕለት እንኳ ፉሳኤ የማጥለያውን ጨርቅ ውሃ መቀየር አልረሳችም። የቡና ማጥለያ ጨርቅ ከደረቀ ይሸታል፤ አንዴ ከሸተተ ቢያጥቡትም አይመለስም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀብር በኋላ የቶኩጂን ቡና ቤት መልሳ ከፈተች። ኢቺኖሚያ ከተማ ውስጥ ጠዋት ቡና ላዘዘ ሰው ጥብስ ዳቦና ቅቅል እንቁላል በነጻ ይቀርብለታል። ልማዱ የመጣው ከሽመና ፋብሪካዎቹ ነው፤ ማሽኑ እየጮኸ መነጋገር ያቃታቸው ነጋዴዎች ቡና ቤት እየመጡ ይዋዋሉ ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ እንቁላሉና ሽማግሌዎቹ ቀሩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኢዋሴ ነው፤ ያኔ የራሱ ፋብሪካ ነበረው። ከቶኩጂ ጋር ሳይጣላ የዋለበት ቀን አልነበረም፤ ደንበኞቹ የቤቱን ባለቤቶች ቶኩጂን ማስተር፣ ፉሳኤን ማማ ይሏቸው ነበር።

“ማስተር፣ ዛሬ ደግሞ ኮምጣጤ ነው እንዴ ያፈላኸው?”

“ምላስህን ታከም። ቡናውስ ደህና ነው።”

“ሐኪሙ ምላስህ ደህና ነው ብሎኛል። የታመመው ያንተ እጅ ነው!”

እንዲህ እያለ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ይጨልጠው ነበር።

አሁን ግን ፉሳኤ ስትቀዳለት ቀምሶ፣ “ግሩም ነው፣ ማማ” ይልና ግማሹን ትቶ ይሄዳል። ሌሎቹም እንደዚያው። የተረፈውን እየሰበሰበች ትደፋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ነበር፦ የባሏ እጅ በእሷ እጅ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? ቀርቶ ከሆነ፣ አቅሟ እስኪያልቅ ቤቱን አትዘጋም።

ከዚያ ኢዋሴ መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ቶኩጂ መቃብር ላይ አበባ አኑራ ስትመለስ በባቡር ጣቢያው በኩል አለፈች። እዚያ በአሜሪካኖች ዓይነት የተሠራ፣ ቡና በወረቀት ኩባያ የሚሸጥ አዲስ ካፌ ተከፍቷል። በሩ ክፍት ስለነበር የምታውቀውን ድምፅ ሰማች።

“ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ከሰል?”

“ትናንትም እንዲህ ብለው ጨርሰውት ነው የሄዱት፣ አባባ!” አለች ሻጯ እየሳቀች።

“አሳዝኖኝ ነው የጨረስኩት!”

ፉሳኤ የአበባ መጠቅለያውን ወረቀት እንደያዘች በመስታወቱ አጠገብ ቆመች። ጥሏት ስለሄደ አልነበረም የከፋት። ማማረሩን ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ኢዋሴ እንዳፈረ ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ቀዳችለት።

“ግሩም ነው፣ ማማ።”

“ኢዋሴ ሳን” አለችው በአክብሮት አጠራር። “እባክዎ። ለእሱ ይነግሩት የነበረውን ለእኔም ይንገሩኝ።”

“ባሏ የሞተባትን ሴት ቡናሽ ቀጠነ ይሏታል እንዴ?”

“እሷ ከጠየቀችስ?”

ሽማግሌው ስኒውን ብዙ ጊዜ አሽከረከረው። “ቀጭን ነው” አለ በመጨረሻ። “አንቺ አላጠፋሽም። የእሱ ቡና ከእሱ ጋር ሄዷል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።”

ፉሳኤ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። “አመሰግናለሁ” አለችው። ያን ቀን ኢዋሴ ስኒውን ባዶ አድርጎት ሄደ።

ደንበኞቹ ሲወጡ ጨርቁን ከውሃው አውጥታ ጨመቀችውና መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ሲመሽ ደርቆ እንደ ዓሣ ቆዳ ተኮማትሮ ነበር።

በማግስቱ ቡና ቤቱ መከፈቱን የሚያሳየውን ሰሌዳ ደጅ አላወጣችም። ወደ ጣቢያው ሄዳ ተሰለፈች።

“እዚህ ነው የሚጠጡት ወይስ ይዘው ይሄዳሉ?” አለቻት ያቺው ልጅ።

“ይዤ ነው የምሄደው። የሚጠጣው ሰው ከቤት አይወጣም።”

“ውይ! እግዜር ይማራቸው” አለችና ልጅቷ እንዳይቀዘቅዝ ኩባያው ላይ ሌላ ወረቀት ደረበችበት። ፉሳኤ አላረመቻትም፤ ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ቤት ተመለሰች።

ከሞተ ጀምሮ የየዕለቱ የመጀመሪያ ቡና የቶኩጂ ነው፤ ፎቶው ፊት ባለው፣ ለሙታን መባ በሚቀርብበት የጸሎት ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። እንፋሎቱ እንዲደርሰው ክዳኑን አነሳችለት።

“ዛሬ ያለችኝ ይቺ ናት” አለችው። “ኢዋሴ ከሰል ነው ይላል። እስቲ አንተ ቅመሰውና ተከራከረው።”